ገመዱ የታች፣ ፊኛው የላይ

እኛ አገር ጦርነቱ የሚካሄደው በሰማይ ነበር። እኔ ከምድር ሆኜ ገመድ እይዝ ነበር። ስለያዝኩት እነግራችኋለሁ፤ የቀረውን ሌላ የያዘ ሰው ይንገራችሁ።

ከሸንተረሩ ወዲያ ያሉትን ማዶዎች እንላቸዋለን። እነሱም እኛን ማዶዎች ይሉናል አሉ። ጠቡ በምን እንደተነሳ ሲነገረን ልብ ብዬ አልሰማሁም፤ የማስታውሰው ፊኛዎቹ የመጡ ዕለት ነው። ወይ ያ ቀን! ከጨርቅ የተሰፋ፣ ጎጆ የሚያህል፣ ከሥሩ እሳት የሚነድበት ፊኛ ከነቅርጫቱ ከነሰውየው ሽቅብ ሲነሳ፣ ከተማው እንዳለ ሥራውን ጥሎ ሜዳ ወጣ። ቀጥቃጩ መዶሻውን እንደያዘ መጣ፤ ሙሽሪት ከነሚዜዎቿ፣ በሽተኛው ከነቃሬዛው። እኔም ሳቅሁ፣ አለቀስኩ፣ ከማላውቃት ሴት ጋር ተቃቀፍኩ። ያቺ ሴት ደብሪቱ ነበረች። በዚያው ቀን ሁለታችንም ገመድ ያዥ ሆነን ተቀጠርን፤ እሷ በክብደቷ፣ እኔ በእልኬ።

ባሌን ቢሻውን ደግሞ በራሪ አደረጉት። በራሪ ቀላል መሆን አለበት ተባለ፣ ቢሻው እንደሆነ በነፋስ ቀን ልብሱን ካወለቀ ነፋስ የሚወስደው ሰው ነው። ሚዛን ላይ አቆሙትና ወደኔ ዞረው፣ "ይህ ሰው ይበላል?" አሉኝ።

"ይበላል፤ የት እንደሚያደርገው ግን አላውቅም" አልኳቸው።

አሁን አደረጃጀቱን ልንገራችሁ፤ እሱን ያልያዘ ሰው የደረሰብንን አይረዳም። ሁለት ፊኛ አንድ ጥንድ ነው። አንዱ ወደፊት ያያል፣ ሁለተኛው የፊተኛውን ጀርባ ይጠብቃል። ሁለት ጥንድ መንጋ ነው። ሦስት መንጋ ጓድ፣ ሦስት ጓድ ክንፍ ይባላል። ክንፎች ተሰብስበው አድማስ፣ አድማሶች ተሰብስበው የሰማይ ሩብ ይሆናሉ። ሰማዩ አራት ሩብ ነው። ከኛ ከተማ በላይ ያለው አንዱ ሩብ ብቻ ቢሆንም የአራቱም አዛዦች እኛው ዘንድ ነበር የተቀመጡት፣ ውሃው ይስማማናል ብለው። ለየደረጃው አለቃ አለ፤ ለአለቃው ምክትል፣ ለምክትሉ መለከት ነፊ፣ ለመለከት ነፊው ወጥ ሠሪ አለው።

እነዚህ ሁሉ የሚቀመጡት ከሜዳው አጠገብ ባለው ኮረብታ እርከኖች ላይ ነው። ከግርጌ የጥንድ አለቃ፣ ከሱ በላይ ባለው እርከን የመንጋ አለቃ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ጫፍ ድረስ። ጫፍ ላይ ጠቅላዩ አሉ። ትእዛዝ ሲወርድ፣ ጥያቄም ሲወጣ በየእርከኑ መለከት ይነፋል፤ ከዚያ አንዱ እርከን ለሌላው እርከን በቃል ይጮህለታል። እርከን መዝለል ነውር ነው። ቤት ሲቃጠል እንኳ እርከን አይዘለልም፤ ተቃጥሎም አይተናል።

ይህ የኮረብታው የቀኝ ጎን ነው፣ የላይ ቤት ይባላል። በግራው ጎን ደግሞ እንደዚያው እርከን በእርከን የተደረደረ የታች ቤት አለ። ከመሬት የተነሳ ነገር ሁሉ የላይ ቤት ነው። መሬት የነካ ነገር ሁሉ የታች ቤት ነው፦ ሜዳው፣ ማገዶው፣ ዳቦው፣ ገመዱ፣ እኛ። ሁለቱ ቤቶች የሚገናኙት ጠቅላዩ ጋ ብቻ ነው። በዚህ ቀልድ የለም። አንድ ጊዜ የታች ቤት ዶሮ አጥር ልትሻገር ብድግ ስትል የላይ ቤት ሰዎች አየር ላይ ቀለቧትና ጠብሰው በሉ። የታች ቤት ከሰሰ፣ ተረታ። እግሯ መሬት አልነካም ነበር።

ለኛ ለገመድ ያዦች የተሰጠን የዘወትር ትእዛዝ አንድ ነው፦ ያዙ። መያዝ ሁልጊዜ የተፈቀደ ነው። "ሳቡ" የሚባለው ግን ሌላ ነው። ገመዱ የታች ቤት ሆኖ ጫፉ ላይ ያለው ሰው የላይ ቤት ስለሆነ፣ ፊኛው የሚወርድበትን ሰዓት ሁለቱ ቤቶች በዋዜማው በጠቅላዩ ፊት ይስማሙበታል። በሰዓቱ ሳቡ እንባላለን፣ እንስባለን፣ ባሌን ይዤ ቤቴ እገባለሁ። ጥሩ ሥራ ነበር፣ አልዋሽም። ፊኛዎቹ ጠዋት ጠዋት ሲነሱ ልቤ አብሮ ይነሳ ነበር።

ከዚያ ፊኛዎቹ ማለቅ ጀመሩ። አንዱ ተቀደደ፣ ሌላው ነደደ፣ አንዳንዱ ገመዱን በጥሶ ከነሰውየው ሄደ፤ የሄዱት አልተመለሱም። ፊኛ ይቀደዳል፣ እርከን ግን አይቀደድም። ሦስት ፊኛ የቀረው ጓድ ጓድ ነው፤ ምንም ያልቀረው ክንፍም ክንፍ ነው። አለቃው ጠዋት ተነስቶ ለሌሉት ትእዛዝ ይሰጣል፣ ማታ "ሁሉም በሥነ ሥርዓት ዋሉ" ብሎ ያሳውቃል። ደብሪቱ፣ "የሌለ ሰው አያምጽ፣ ራት አይል፤ እኔም አለቃ አድርጉኝ" ትል ነበር።

በመጨረሻ የቢሻው ፊኛ ብቻ ቀረች። እሷ እንግዲህ ጥንድ ናት፤ መንጋም ናት፤ ሩብም ናት። ደግሞ እያንዳንዱ አለቃ የክብሩ መታያ የራሱ ፊኛ እንዲኖረው ደንቡ ስለሚል፣ ሁሉም የየራሱን ቀለም ጥብጣብ ቅርጫቷ ላይ አሰረ። የሙሽራ በቅሎ መሰለች። ቢሻው በጥብጣቡ መሀል አሾልኮ ነበር ማዶን የሚያየው።

"ምን አየህ ዛሬ?" እለዋለሁ ማታ።

"ቀይ ጥብጣብ" ይለኛል።

ያቺ ቀን የመጣችው እንዲህ ሆነን ሳለ ነው። ቢሻው ከወጣ ቆይቷል፣ የመውረጃው ሰዓት ገና ነው። ከማዶ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ደመና አልለውም፤ ግድግዳ ነው። አቧራውን ከፊቱ እየነዳ መጣ። ገመዱ እጄ ላይ እንደ ክራር ጅማት መዝፈን ጀመረ። ቀና ስል ቅርጫቷ በጎኗ ተኝታለች፣ ቢሻውም በሁለት እጁ ጠርዙን አንቆ ይዟል።

የሜዳ ሹሙን አቶ ፈለቀን ጠራሁ። አቶ ፈለቀ የታች ቤት የግርጌ እርከን ሹም፣ የኛ የገመድ ያዦቹ አለቃ ናቸው።

"አቶ ፈለቀ፣ ሳቡ ይበሉን።"

"ሰዓቱ ነው?"

"ሰዓቱ አይደለም። ያንን አያዩም?"

አዩት። አላየሁም አላሉም። "እታፈራሁ" አሉኝ፣ "ጫፉ ላይ ያለው የኔ ሰው አይደለም። እኔ ሳቡ ካልኩ የታች ቤት በራሪ አዘዘ ማለት ነው። ከኔ በፊት የነበረው ሹም ሳይጠይቅ ሳበና ጨው ሜዳ ላኩት። እዚያ የሚጠብቀው ጨው ነው፤ ጨው ደግሞ የትም አይሄድም። የላይ ቤትን ጠይቂ።"

የላይ ቤቱ የጥንድ አለቃ ደምሰው ከአቶ ፈለቀ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር የቆመው። ክርናቸው ይነካካል። ሰላምታ ግን አይሰጣጡም፤ የሁለት ቤት ሰዎች ናቸው። ዞር አልኩለት።

"አለቃ ደምሰው፣ ባሌን ያውርዱልኝ።"

ደምሰው ክፉ ሰው አይደለም። ወዲያው እጁን አፉ ላይ አድርጎ ወደ ላይ፣ "ቢሻው፣ ውረድ!" ብሎ ጮኸ።

ከላይ የባሌ ድምፅ መጣ። "በምን?"

ደምሰው ወደኔ ዞረ። "አዝዣለሁ" አለኝ። "ከዚህ በላይ ምን ላድርግ? ገመዱ የኔ አይደለም።"

"አቶ ፈለቀን ሳቡ እንዲሉን ይንገሯቸው እንጂ፣ አጠገብዎ ቆመው።"

"የሌላ ቤት ሰው በምን ሥልጣን አናግራለሁ? ጥያቄውን አወጣዋለሁ።" መለከት ነፊውንም አስነፋ።

ጥያቄው መውጣት ጀመረ። ጥንድ ለመንጋ፣ መንጋ ለጓድ፣ በየእርከኑ እየተነፋ። ደመናው በዚያ ይመጣል፣ መለከቱ በዚህ ይወጣል። እኛ ገመዱን ይዘን አንዴ ወደ ሰማዩ፣ አንዴ ወደ ኮረብታው። እውነቴን ነው፣ እንደዚያ ልቤ ዘሎ አያውቅም። የክንፍ እርከን ሲደርስ ገመድ ያዦቹ ሴቶች "እሰይ!" አሉ። ከዚያ ዝም አለ። የክንፍ አለቃ እንቅልፍ ላይ ናቸው ተባለ፤ እንዳይቀሰቀሱ ያዘዙት ራሳቸው ስለሆኑ ምክትላቸው ያንን ትእዛዝ የሚሽር ሌላ ትእዛዝ ከሳቸው መቀበል ያስፈልገዋል። ወጥ ሠሪያቸው ድስት ጣለላቸውና ነቁ፣ እግዚአብሔር ይስጠው። መለከቱ ቀጠለ።

ነፋሱ ሜዳው ላይ ደረሰ። ቅርጫቷ ከአንዱ ጎኗ ተሰነጠቀች፣ ስንጣሪው ፊታችን ወደቀ። ገመዱ በድንገት ወደ ላይ ተመነጨቀና ሁላችንንም ወደፊት ጎተተን። እኔ ከፊት ነበርኩ። አልለቅም ብዬ ተንጠለጠልኩ።

እግሬ መሬት ለቀቀ።

ከዚያ ሆኜ ሳይ አለቃ ደምሰው አፉን ከፍቶ ያየኛል። ያን ጊዜ ነው ያቺ ዶሮ ትዝ ያለችኝ።

"አለቃ ደምሰው" አልኩት ተንጠልጥዬ፣ "አሁን የማን ነኝ?"

አሰበ። ሰውየው በዚያ ነፋስ መሀል ቆሞ አሰበ። ወደ እግሬ አጎንብሶ አየና፣ "የላይ ቤት ነሽ" አለ።

"እርስዎ ደግሞ የላይ ቤት አለቃ ነዎት።"

"ነኝ።"

"እንግዲያው ይዘዙኝ። እንደ ቢሻው ውረጂ ይበሉኝ።"

"ውረጂ!" አለኝ።

ገመዱን እቅፍ አድርጌ ሙሉ ክብደቴን ጣልኩበት። ወረድኩ። ገመዱም አብሮኝ ወረደ። እግሬ መሬት ሲነካ የታች ቤት ሆንኩ፤ የታች ቤት ደግሞ መያዝ ይችላል። ያዝኩ።

"አቶ ፈለቀ፣ ይዣለሁ" አልኩ።

አቶ ፈለቀ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "መያዝ ሁልጊዜ የተፈቀደ ነው" አሉ።

"ደብሪቱ፣ ዝለዪ!"

ደብሪቱ ስትዘል አይታችሁ አታውቁም፤ እኔም ከዚያ በፊት አላየሁም። ከኋላ ተንደርድራ መጣች፣ መሬቱ ደነገጠ፣ ከራሴ በላይ ያለውን ገመድ ይዛ ተንጠለጠለች።

"ውረጂ!" አለ ደምሰው።

"ሳትለኝም እየወረድኩ ነው ወንድሜ" አለችው። ፊኛዋ ቁልቁል ስትመጣ በዓይኔ አየሁ። እሷ መሬት ስትነካ ያዘች፣ ከኋላዋ የነበረችው ገመድ ያዥ አስካለ ዘለለች። አስካለ ስትወርድ ሌላዋ ዘለለች። ውረጂ፣ ያዢ፣ ውረጂ፣ ያዢ። ደምሰው ድምፁ እየጎረነነ ሄደ፤ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ታዞለት አያውቅም፣ ፊቱ በራ። አቶ ፈለቀም አልቀሩም። የወረደው ገመድ ትርፉ ተዘርግቶ እግር ሲጠልፈን አስካለ፣ "ይህንን ችካሉ ላይ ልጠቅልለው? መሳብ ነው ወይስ መያዝ?" አለቻቸው።

"የታች ቤትን ንብረት በቦታው ማስቀመጥ ነው" አሉ። "እንዲያውም ግዴታ ነው።" ጎንበስ ብለው ራሳቸው ጠቀለሉ።

"ኧረ አንቺ ቀጫጫ፣ የዘለልሽ መስሎሻል?" ትላለች ደብሪቱ ለአንዷ። "ገመዱ እኮ አልሰማሽም። ወዲያ በይ!" ደግማ ዘለለች። እንዲህ ነው የምላችሁ፦ ዕድሜዋን ሙሉ ወፍራም ስትባል በኖረች ሴት ጀርባ በዚያን ቀን መላው የአየር ጦር ወረደ።

ቅርጫቷ ጉልበት ከፍታ ላይ ደረሰች። ቢሻው በተሰነጠቀው በኩል ግማሽ አካሉ ወጥቶ ተንጠልጥሏል፣ ፊቱ አመድ መስሏል፣ ጥብጣቡ አንገቱ ላይ ተጠምጥሟል። ልይዘው እጄን ስዘረጋ ደምሰው አቆመኝ።

"ቆይ። ርክክብ አለ።" ወደ አቶ ፈለቀ ሳይሆን ወደ አየሩ እያየ፣ "የላይ ቤት አንድ ፊኛ ከነበራሪው አስረክቧል" አለ።

አቶ ፈለቀ ቅርጫቷን ዞረው አዩ። በአየሩ በኩል መለሱ። "ቅርጫቷ አንድ ጎን የላትም። የታች ቤት ጎዶሎ አይረከብም።"

"ስትነሳ ሙሉ ነበረች።"

"ስትመጣ ጎዶሎ ናት።"

ፊኛዋ ደግሞ በዚህ መሀል ትነጫነጫለች፤ ነፋሱ ሊወስዳት ቸኩሏል። ገመዱ ችካሉ ሥር ጭስ አወጣ። ቢሻው፣ "እታፈራሁ" አለኝ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ጎዶሎውን እኔ ተረክቤያለሁ" ብዬ አንገትጌውን ይዤ ጎተትኩት። እላዬ ላይ ወደቀ። ሁለታችንም ጭቃው ላይ ተዘረጋን። ያን ጊዜ ገመዱ ተበጠሰ፣ ፊኛዋም ጥብጣቧን ሁሉ እያውለበለበች ወደ ደመናው ገባች፤ ጥንዱ፣ መንጋው፣ ክንፉ፣ ሩቡ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ሄዱ። ያምሩ ነበር፣ አልክድም።

ዝናቡ እንደ ድንጋይ ወረደ። ቢሻው ተነስቶ መቀመጥ አቃተው፤ ነጠላዬን አልብሼ ደረቴ ላይ አስደገፍኩት። ሴቶቹ ዙሪያችንን ከበው በሳቅ ይንፈቀፈቃሉ፣ የሚስቁት ይሁን የሚያለቅሱት አይለይም፣ ሁሉም ረጥቧል።

ያን ጊዜ መለከቱ ተነፋ። ከጫፍ። መልሱ እየወረደ ነው።

ሩብ ነፋ፣ አድማስ ነፋ፣ ክንፍ ነፋ። የእኔ እጅ ቢሻው ላይ ጠበቀ። በኋላ ለላይ እርከኖች ውሃ የምታመላልስ ሴት እንደነገረችን፣ ጥያቄው ከኛ ሲወጣ ማዕበል ነበር። የመንጋ አለቃ ለበላዩ ማዕበል ብሎ መናገር ድፍረት መሰለውና ብርቱ ነፋስ አለው። የጓድ አለቃ ነፋስ አለው። ከክንፍ በላይ ጥሩ ነፋስ ሆነ። ጠቅላዩ ጋ ሲደርስ፣ በራሪው በጥሩ ነፋስ ላይ ሳለ ምን ያድርግ የሚል ጥያቄ ነበር።

መልሱ ደምሰው ጆሮ ደረሰ። ሰማው። ፊቱ ተለዋወጠ። ቀጥ ብሎ ቆመና ትእዛዝ በሚነገርበት ድምፅ ተናገረ፦

"ከጠቅላዩ። ሌላ ትእዛዝ እስኪደርስ ድረስ በራሪ ቢሻው ካለበት ንቅንቅ እንዳይል።"

ደምሰው ወደ ሰማዩ አየ፣ ማንም የለም። ወደ ቢሻው አየ። ቢሻው ጭቃው ላይ፣ ደረቴ ላይ ነው ያለው።

"ሰምተሃል?" አለው።

"ሰምቻለሁ ጌታዬ" አለ ቢሻው፣ ዓይኑን እንደጨፈነ። "ንቅንቅ አልልም።"

አልተንቀሳቀሰም። ትእዛዝ ነው፣ እናከብራለን። ሴቶቹ በላዩ ላይ ዳስ ጣሉበት፣ ዳሱ ውሎ አድሮ ጎጆ ሆነ። አልጋዬን አምጥቼ ከጎኑ ዘረጋሁ። መቼም ሜዳው መሀል ነው፤ ፊኛ የሚነሳበት ቦታ ላይ ቁጭ ብለናል። አቶ ፈለቀ መጥተው ጎጆውን አዩና መሬት ስለነካ የታች ቤት ነው አሉ። ደምሰው ውስጡ ያለው ሰው የኔ ነው አለ። ስለዚህ ማንም ሊያፈርሰው አልቻለም። እንዲያውም ሁለቱ ደጃፌ ላይ ክርናቸው እየተነካካ ይቀመጣሉ፣ ቂጣ ስሰጣቸው አንዱ ለሌላው በኔ በኩል ያቀብላል።

በዚህ ሰሞን አዲስ ፊኛ ተሰፍቶ አልቋል ይባላል። ጠቅላዩም ቢሻው ተነስቶ እንዲበር አዘዋል አሉ። እውነት ነው፤ መለከቱን ሰምተነዋል። ነገር ግን ከማዕበሉ በኋላ ነገሩ ተመርምሮ፣ ጉድለቱ የእርከን ማነስ ነው ተብሎ፣ በክንፍና በጓድ መካከል አዲስ እርከን ተቆርጧል። መለከት ነፊም ወጥ ሠሪም ገብተውበታል። አለቃው ገና አልተሾመም። ትእዛዙ እዚያ ድረስ ወርዶ፣ የሚቀበለው አጥቶ ቆሟል።

በየቀኑ ከላይ እንደገና ይልኩታል። ራት ላይ ስንቀመጥ መለከቱ ይጀምራል፦ ሩብ፣ አድማስ፣ ክንፍ። ቢሻው ጉርሻውን እንደያዘ ቀና ይላል። እኔም አብሬው አዳምጣለሁ፤ እጄን ጉልበቱ ላይ አደርጋለሁ።

ከክንፍ በኋላ ዝም ይላል።

"እላይ ነው ያለው" እለዋለሁ። "ብላ።"